ሁለት እጅ የሚፈልግ ማሽን

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው ሁሉ «እንግዲህ አረፍክ» ይለኛል። እንዴት እንደሚታረፍ የሚያሳየኝ ሰው ግን አላገኘሁም። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን እነቃለሁ፤ የምሄድበት ሥራ የለም። ጉርድ ሾላ ድረስ በእግሬ እወርድና ባቡሩ ከአያት ሞልቶ ሲመጣ አያለሁ፤ ከዚያ ተመልሼ የግቢውን በር ማጠፊያ ዘይት እቀባለሁ። ባለቤቴ «ያ በር በዘይት ብዛት ሊሟሟ ነው፤ እባክህ ሌላ ሥራ ፈልግ» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ከመጋዝና ከግንድ ጋር የኖረ ሰው ቤት ሲውል ለሰውም ለበርም አይመችም።

እንዲህ ሆኜ ሳለ ባለፈው መስከረም ለማ ቤቴ መጣ።

ለማ እኔ የዎርክሾፕ ኃላፊ በነበርኩበት እንጨት ቤት ፈላጭ ነበር። ቀኝ እጁ ላይ የቀሩት አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ብቻ ናቸው። ሦስቱን የወሰደው እኔ መርጬ ያስገዛሁት የፍልጥ ማሽን ነው። ይህን ከወዲሁ መናገር ይሻለኛል፤ ስሸፋፍነው ኖሬያለሁና።

አሁን ለማ ከአያት አለፍ ብሎ የራሱ ትንሽ እንጨት ቤት አለው። የባሕር ዛፍ ግንድ ያስመጣል። ቀጥ ቀጥ ያለውን በመጋዝ ሰንጥቆ ጣውላና ሞራሌ ያወጣል፤ ጠማማውንና ጉማጁን ደግሞ አስፈልጦ ለዳቦ ቤቶችና ለደጋሾች ይሸጣል። ሻይ ቀረበለት፣ ስለ ጤና ተጠያየቅን፣ ስለ ዝናቡ አወራን። ከዚያ ብርጭቆውን አስቀመጠና፣

«አለቃ፣ የፍልጥ ማሽን ልንገዛ ነው። አንተ ምረጥልን» አለኝ።

«ማን ነው የሚሠራበት?» አልኩት።

«ቤቴል ናት።»

ቤቴል ልጁ ናት። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ሒሳብ አያያዝ ተምራ ቢሮ ገብታ ነበር፤ ወንበሩ ሰለቻትና ትታው አባቷ ዘንድ ገባች። እኔ የማውቃት የሁለት ዓመት ሕፃን ሆና ነው፤ አባቷ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ እናቷ ታዝላት ስትመጣ።

የፈራሁት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የልጅቱ ጣቶች ናቸው። ሁለተኛው፣ ማሽኑ ፊት ቆመን ልጅቱ ስለ አባቷ እጅ ብትጠይቀኝ ምን እንደምላት አላውቅም ነበር። ስለዚህ «ሌላ ሰው ፈልግ ለማ፤ እኔ አርጅቻለሁ» አልኩት። እሱም ሻዩን እስከ መጨረሻው ጠጣ፣ ተነሣ፣ «ቅዳሜ ጠዋት መጥተን እንወስድሃለን» አለና ሄደ።

ማሽን መምረጥን ያስተማሩኝ ጋሽ ወልዴ ናቸው። ሥራ የጀመርኩት አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ ለጭነት የሚሆን የእንጨት ሣጥን በሚሠራ አንድ ድርጅት ውስጥ ነበር፤ እሳቸው የመጋዝ ክፍሉ አለቃ ነበሩ። አጠር ያሉ፣ ቀጠን ያሉ፣ ንግግር የማይወዱ ሰው። ጠዋት ሲገቡ መጀመሪያ የሚያደርጉት ሰዓታቸውንና የጋብቻ ቀለበታቸውን አውልቀው ግድግዳው ላይ ካለው ሚስማር ላይ መስቀል ነው። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ቀለበትዎን እንዲህ አውልቀው ሲውሉ ባለቤትዎ ቢያዩ ምን ይላሉ?» ብዬ ቀለድኩ። «ጣቴን ይዤላት ስገባ ትመርቀኛለች» አሉኝና ወደ ሥራቸው ዞሩ።

ግንድ ሲመጣ ቅርፊቱ ላይ ያለውን መስመር በጣታቸው ይከተላሉ። መስመሩ እንደ ገመድ ከተጠማዘዘ ውስጡም የተጠማዘዘ ነውና ለፍልጥ ያስቸግራል። ባሕር ዛፍን እርጥቡን ነው መፍለጥ፤ ከደረቀ በኋላ መጥረቢያውን ይነክሰዋል እንጂ አይከፈትም። ይህን ሁሉ በአፍ አላስተማሩኝም። ግንዱን ያገላብጡታል፣ እኔን ያዩኛል፣ ከዚያ «እ?» ይላሉ። መልስ ካጣሁ ደግመው ያገላብጡታል።

አንድ ጊዜ መጋዝ ልንገዛ አብረን ሄድን። ሻጩ ቀጥ ያለ፣ የጸዳ ሳንቃ አዘጋጅቶ ጠበቀን። ጋሽ ወልዴ በጆንያ ጠቅልለው ታክሲ ውስጥ እግራቸው ሥር አድርገው ያመጡትን ነገር ፈቱ፤ አንጓው የበዛ፣ የተጣመመ፣ ለዓይን የሚያስጠላ ጉማጅ ነበር። ሻጩ ቅር አለው። «አባባ፣ ይሄ እኮ የማሽን እንጨት አይደለም» አላቸው። «ቆንጆውንማ በጥርሴም እሰነጥቀዋለሁ» አሉት። መጋዙ ጉማጁ ግማሽ ላይ ሲደርስ ቆመ። እኛም ተሰናብተን ወጣን።

ከሁሉ በላይ የምወድላቸው ግን አንድ ነገር ነበር። አዲስ ማሽን ሲገባ ዙሪያውን ወለሉ ላይ ሰጋቱራ በስሱ ይበትናሉ። ሰዎቹ አንድ ሰዓት ያህል ከሠሩ በኋላ ያስቆሙና ጎንበስ ብለው ዱካውን ያያሉ። ማን የት እንደሚቆም፣ ማን ወደ ስለቱ እንደሚጠጋ፣ የማን እግር እንደሚንሸራተት ከዚያ ያነባሉ። ማሽኑን የሚተክሉት ከዚያ በኋላ ነው፤ አንዳንዴም ጨርሶ የሚመልሱት።

እሳቸው ዐረፉ፤ ድርጅቱም ተዘጋ። እኔ ወደ ጉርድ ሾላ፣ ቅድም ወዳልኩት እንጨት ቤት ተዛወርኩ። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ነጋሽ ይባላል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን የማሽን ሥዕል ያለበት ወረቀት ካየ ልቡ ይጠፋል። ደሞዝ በወቅቱ ይከፍል ነበር፤ ይህን አልክደውም።

ግቢው ውስጥ ለማና ከድር የሚባሉ ሁለት ፈላጮች ነበሩ። ለማ ከወለጋ የመጣ ነው፣ ከድር ከቡታጅራ። ለዓመታት ጥንድ ሆነው ነው የሠሩት። ለማ ያስቀምጣል፣ ከድር ይመታል። ለማ ጉማጁን ጉቶው ላይ ያቆምና የሚከፈትበትን ገጽ ወደ ከድር ያዞርለታል። መጥረቢያው ወደ ላይ ሲነሣ እጁን ይሰበስባል፤ ሲወርድ ቀጣዩን ጉማጅ አንሥቷል። አይነጋገሩም፣ አይተያዩም። እንግዳ ሰው ቆሞ ሲያያቸው ይሳቀቃል፤ እነሱ ግን ስለ ቤት ኪራይና ስለ ኳስ እያወሩ ነበር የሚፈልጡት።

ዳቦ ቤቶች ሲበዙ ፍልጥ አልደርስ አለ። አቶ ነጋሽ ማሽን እንድመርጥ አዘዘኝ፤ እኔም ኮራሁ። አንጓ የበዛበት ጉማጅ ይዤ ሄድኩ፤ ማሽኑ እንደ ቅቤ ከፈለልኝ። በዘይት ግፊት የሚሠራ ነው፤ የብረት ሽብልቅ አለው፣ ሁለት እጀታም አለው። ሁለቱን እጀታዎች በሁለት እጅህ ካልያዝክ አይንቀሳቀስም። አንዱን ከለቀቅክ ይቆማል። ዘዴው ግልጽ ነው፤ ሁለት እጁ እጀታ ላይ ያለ ሰው ሽብልቁ ሥር የሚያስገባው ሦስተኛ እጅ የለውም። ይህን አይቼ ደስ አለኝ፣ ገዛንም። ሰጋቱራውን ግን አልበተንኩም። ማሽኑን ፈተንኩ እንጂ ሰዎቹን አላየሁም።

ማሽኑ የሚፈልገው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሰውየው ራሱ ያስቀምጣል፣ ራሱ ይገፋል። በሁለተኛው ሳምንት አቶ ነጋሽ ጠራኝና «ደምስ፣ ከሁለቱ አንዱን እናሰናብት፤ የቱ ይሻላል?» አለኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ከድርና ለማ መጡ፤ ሰምተዋል።

«አለቃ፣ አንዱን እጀታ እሰርልን» አለ ከድር። «እኔ በአንዱ እገፋለሁ፣ ለማ ያስቀምጣል። እንደ ድሮው። ሥራው እጥፍ ይሆናል፣ ሁለታችንም እንቀራለን።»

ለማም «እባክህ አለቃ» አለኝ። ቤቴል የዚያን ጊዜ መራመድ ጀምራ ነበር።

አዘንኩላቸው። የአሮጌ ጎማ ላስቲክ ቆርጬ አንዱን እጀታ እስከ ታች ስቤ በገዛ እጄ አሰርኩት። ሥራው እውነትም እጥፍ ሆነ። አቶ ነጋሽ ሁለቱንም አስቀራቸው፤ እኔም ለወራት መልካም እንደሠራሁ እያሰብኩ ወደ ቤቴ ገባሁ።

መጥረቢያ ሲነሣ ይታያል። ለማ ለዓመታት እጁን የሚሰበስበው ያንን እያየ ነበር። ማሽኑ ግን የሚነሣ ነገር የለውም፤ ዝም ብሎ ይመጣል። አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ አንድ ጠማማ ጉማጅ ከቦታው ተንከባለለ፤ ለማ ሊያቃናው እጁን መለሰ። ከድር ደግሞ እንደ ልማዱ ዓይኑ የእንጨቱ ስንጥቅ ላይ ነው፤ እጀታውን ገፋ።

እኔ ስደርስ ከድር ለማን ታቅፎት ነበር። ታክሲ አስቁመን ላክናቸው። ከዚያ ያደረግኩትን እነግራችኋለሁ። ወደ ማሽኑ ተመለስኩ፣ ላስቲኩን በቢላዋ ቆረጥኩት፣ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። መርማሪ ሲመጣ ማሽኑን እንደ አዲስ ሁለት እጀታው ነፃ ሆኖ አገኘው። አቶ ነጋሽ ሪፖርቱን አስጻፈ፤ «አደጋው የደረሰው ሠራተኛው መመሪያ ባለማክበሩ፣ በራሱ ቸልተኝነት ነው» ይላል። ከሥር የዎርክሾፕ ኃላፊ የሚል ቦታ ነበር፤ እዚያ ላይ ፈረምኩ። በዚያ ወረቀት ምክንያት ለማ የሚገባውን ካሳ አላገኘም። እኔ ፈርቼ ነበር። ሦስት ልጆች ነበሩኝ፣ ሥራዬን እንዳላጣ ፈራሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ከድር ወሩ ሳያልቅ ወደ አገሩ ገባ፤ መጥረቢያም ማሽንም ዳግም አልነካም ይባላል። ለማ ጥቂት ጊዜ በር ጥበቃ ላይ ቆይቶ ወጣ። ሁለቱም ስለ ላስቲኩ ለማንም አልተናገሩም። እኔም ከዚያ በኋላ በሁለት ቦታ ሠርቻለሁ፤ አንዱ ሰሚት ያለ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ነው። ማሽን ምረጥ ሲሉኝ ግን ሰበብ ፈልጌ ለሌላ ሰው አሳልፋለሁ። ጡረታ ወጣሁ፤ ምስክር ወረቀት ሰጡኝ፣ አጨበጨቡልኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ቤቴል በቪትዝ መኪናዋ መጣች፤ ለማ ከፊት ተቀምጧል። እምቢ ማለት አፍሬ ገባሁ። የመኪናዋን ኋላ ከፍቼ ሳይ ሦስት ጉማጅ አለ፤ አንዱ እርጥብ፣ አንዱ ደረቅ፣ አንዱ አንጓው የበዛ። «ማን ነው እንዲህ አድርጊ ያለሽ?» አልኳት። «አባዬ ነው። እርስዎ እንዲህ ነበር የሚያደርጉት አለኝ» አለችኝ።

መጀመሪያ የሄድነው ኦሎምፒያ ያለ አንድ ቢሮ ነው። ምንጣፍ አለው፣ ውኃ ያቀርባሉ፣ ማሽኑ ግን የሚታየው በስክሪን ነው። ግንዱ በአንድ በኩል ይገባል፣ መጋዙ ይቆርጠዋል፣ ሽብልቁ ይፈልጠዋል፣ በማጓጓዣ ቀበቶ ወጥቶ ይከመራል። ቤቴል ዓይኗ በራ።

«ጋሽ ደምስ፣ ይሄ እኮ ኮምፕሊት ነው። ራሱ ይቆርጣል፣ ራሱ ይፈልጣል።»

«የሚያስገቡትን ግንድ አየሽው? እንዴት ያለ ነው?»

ደግማ አየችው። «ቀጥ ያለ» አለች።

«አንቺ ቀጥ ያለውን ምን ታደርጊዋለሽ?»

«ጣውላ አደርገዋለሁ።» ከዚያ ራሷ ሳቀች። «ለካ እኔ ለፍልጥ የሚተርፈኝ ጠማማው ነው። ይሄ ማሽን ጠማማ ሲያይ ሊያኮርፍ ነው።»

«ያኮርፋል። ደግሞም ስሪ ፌዝ የሚባለውን ከፍተኛ መብራት ይፈልጋል፤ ሰፈራችሁ መብራቱ እንዴት ነው?»

«እሱንስ አይጠይቁኝ» አለችኝ። ውኃውን ጠጥተን ወጣን።

ሁለተኛው ገርጂ ያለ ብረታ ብረት ቤት ነው። እዚያ የሚሠሩት ራሳቸው ናቸው፤ እንደ ትልቅ ቡሎን ጥርስ ያለው ሾጣጣ ብረት በዲናሞ ይሽከረከራል፣ እንጨቱን ስታስጠጋለት ገብቶ ይሰነጥቀዋል። ርካሽ ነው፣ ጠማማም አይመርጥም። ቤቴል ሻርፕ አድርጋ ነበር። ወደ ኋላ እንድትቆም ነገርኳትና ባለሙያውን ባዶ ጆንያ ጠየቅኩት። የጆንያውን ጫፍ ብቻ በረጅም እንጨት አስጠጋሁለት። ዓይን ሳንጨፍን ጆንያው ሙሉ በሙሉ ተጠቅልሎ ብረቱ ላይ አለቀ። ቤቴል ሻርፗን ቀስ ብላ ፈታችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ባለሙያው «ጥንቃቄ ነው ዋናው» አለን። አመስግነን ሄድን።

ሦስተኛው ከመገናኛ ወደ ጉርድ ሾላ ስትመጡ ያለ ሱቅ ነው። ገና ከበሩ ሳየው አወቅኩት። አዲስ ሞዴል ነው፣ ቀለሙ ሌላ ነው፤ ሁለቱ እጀታዎች ግን እነዚያው ናቸው። ለማን አየሁት፤ እሱ ማሽኑን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያየው።

ፈተንነው። እርጥቡን ከፈለ፣ አንጓ ያለውን እያጉረመረመ ከፈለ፣ ደረቁ ላይ ትንሽ ታግሎ ከፈለ። አንዱን እጀታ ስለቅ ወዲያው ቆመ። ግራውን ለብቻ፣ ቀኙን ለብቻ፣ ደጋግሜ ሞከርኩ። ከዚያ ከጎረቤቱ አናጢ ቤት አንድ ከረጢት ሰጋቱራ ለምኜ ወለሉ ላይ በተንኩ። ሻጩ ግራ ተጋብቶ መጥረጊያ ፈለገ። ቤቴል ጓንት አድርጋ ግማሽ ሰዓት ያህል ሠራች። ዱካዋን ሳይ እግሯ አንድ ቦታ ጸንቷል፤ ማሽኑ ከቁመቷ ጋር ተስማምቷል።

«ይሄ ነው» አልኩ።

«እኔም ወድጄዋለሁ» አለች ቤቴል። «ግን ለአንድ ሰው ትንሽ ይዘገያል። ጋሽ ደምስ፣ አባዬ ያስቀምጥልኝ፣ እኔ ልግፋ። ቁጭ ብሎ መዋል እየሰለቸው ነው።»

ሻጩ ፈጠን ብሎ፣ «ችግር የለም እኮ፤ አንዱን እጀታ እናስርላችኋለን። ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚጠቀመው» አለ።

«አይሆንም» አልኩ።

«ለምን?» አለች ቤቴል። አባቷን በክርኗ ነካ አድርጋ፣ «ያኔ እኮ አባዬ ችላ ብሎ ነው፤ መመሪያ አላከበረም። ዘንድሮ ይጠነቀቃል፤ አይደል አባዬ?» አለች። ለማ ፈገግ አለ።

ደግነቷ ነው የገደለኝ። ልጅቱ ያደገችው እኔ በፈረምኩት ወረቀት ነው። አሁን እምቢ ብዬ ብቻ ብተወው ነገ ሻጩን ጠርታ ታሳስረዋለች፤ የምትገፋውም እሷ ናት፣ ሽብልቁ ሥር የሚሆነው የአባቷ የቀረ እጅ ነው። ወገቤን ያዝ አድርጌ ሰጋቱራ የቀረበት ከረጢት ላይ ተቀመጥኩ።

«ቤቴል፣ አባትሽ ችላ አላለም» አልኳት። «እጀታውን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ሲጎዳ ላስቲኩን ቆርጬ ደበቅኩ። ጥፋቱ የራሱ ነው በሚለው ወረቀት ላይም ፈረምኩ። ሥራዬን ፈርቼ ነው። አባትሽ ምንም አላጠፋም።»

ሻጩ መጥረጊያውን ይዞ ወደ ውስጥ ገባ። ቤቴል እጀታው አጠገብ እንደቆመች ቀረች። ከዚያ ወደ አባቷ ዞራ፣ «እውነት ነው?» አለችው።

«እሱ ነገረሽ» አላት ለማ። ወደ እኔ ዞረና፣ «አለቃ፣ የማሽን መራጭ ጠፍቶ መሰለህ የመጣሁት?» አለኝ። «እጀታውን ያሰርከው እኛ ለምነንህ ነው፤ በእሱ ቂም የለኝም። የፈረምከውን ግን አንተው ራስህ እንድትነግራት ነበር የምፈልገው።»

አፈርኩ። ከአንገቴ ቀና ማለት አቃተኝ። «ይቅር በለኝ» አልኩት፤ በሃያ አራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ቤቴል ቁጣዋ ፊቷ ላይ ይታያል፤ ግን አልጮኸችም። «ጋሽ ደምስ፣ እናቴ እስከ ዛሬ ድረስ በተናደደች ቁጥር ‹ራስህ ያመጣኸው ነው› ትለዋለች» አለችኝ። «አሁን ይሄዱና እሷ ፊት ይደግሙታል።» ጓንቷን አውልቃ መኪናው ውስጥ ገባች። እኔም ተከትዬ ገባሁ።

እናትዮዋ ጫልቱ ትባላለች። ቤታቸው እንጨት ቤቱ ግቢ ውስጥ ነው። ምሳ እያቀራረበች ነበር፤ ስታየኝ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው «ግቡ፣ ግቡ» አለችኝ። ሳልቀመጥ፣ ቆሜ፣ ሱቁ ውስጥ ያልኩትን ሁሉ ደገምኩላት። ትሪውን ይዛ አዳመጠችኝ። ስጨርስ እኔን አልተናገረችኝም። ባሏን ነው ያየችው።

«ይሄን ሁሉ ዘመን ስሰድብህ ለምን ዝም አልክ?»

«ብነግርሽ ትከሺው ነበር» አላት ለማ። «ከሥራ ይወጣ ነበር። ሦስት ልጅ ነበረው እኮ።»

ጫልቱ ትሪውን አስቀመጠችና ወደ ጓዳ ገባች። ለረጅም ጊዜ አልወጣችም። ስትመለስ ፊቷን ታጥባለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። የእጅ መታጠቢያ ውኃውን መጀመሪያ ለባሏ አፈሰሰችለት፤ ቀኝ እጁን በሁለት እጇ ይዛ ራሷ አጠበችው። ለእኔም አፈሰሰችልኝ፤ ቀና ብላ ግን አላየችኝም። ከዚያ «ብሉ» አለችን።

ሽሮ ነበር፣ ጎመን ነበር። እጄን ወደ ትሪው መስደድ አቃተኝ። ቤቴል አጎንብሳ ትበላለች። ለማ እንጀራውን በሁለት ጣቱ ቆረጠ፣ በሁለት ጣቱ ጠቀለለ፣ በሁለት ጣቱ ወደ አፌ አቀረበልኝ። እንባዬ መጣና ማኘክ አቃተኝ።

«ብላ እንጂ አለቃ» አለኝ፤ «ሰኞ ማሽኑን የምትተክልልን አንተ ነህ።»